እንዶድ፤ ልብስን አጥቦ ቀንድ አውጣን የሚገድል ፍሬ

በደጋና በወይና ደጋ አገር፣ በአጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳርና ሰው በለቀቀው ፍራሽ ቤት አጠገብ ከዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድገውን እንዶድን የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፤ ማንም ሳይኰተኵተው ያፈራል። ፍሬው በረዥም ዘንግ ላይ ተሰድሮ ዘለላ ይሠራል፤ ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ግን ወደ ቀይነት ይለወጣል። ሥራውን የሚያውቁ ሴቶች ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ቈርጠው በፀሐይ ያደርቁታል፤ በሙቀጫ ወቅጠው ዱቄቱን በውሃ ሲበጠብጡትም እንደ ሳሙና አረፋ ይወጣዋል። በፋብሪካ የተሠራ ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ በፊት ነጠላና ጋቢ፣ ቀሚስና እጀ ጠባብ የሚነጣው በዚሁ ነበር። ነጭ የአገር ልብስ ከሳሙና ይልቅ በእንዶድ ሲታጠብ ይበልጥ ያምራል የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ፤ አባባላቸውም ኋላ እንደሚገለጸው ከልማድ ብቻ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ፍሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ልብስ በማጠቡ አይደለም። ያው አረፋ ከልብሱ ላይ ወርዶ ወደ ወንዙ ሲገባ በውሃ ውስጥ የሚኖረውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ቀንድ አውጣውም የቢልሃርዚያን ትል በሰውነቱ ውስጥ የሚያሳድግ ነው። ልብስን የሚያነጣ ኃይልና ነፍስን የሚያጠፋ ኃይል በአንድ ፍሬ ውስጥ እንዴት ተገናኙ ቢባል፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት መርምረው ሁለቱ በእውነቱ አንድ ኃይል መሆናቸውን ደርሰውበታል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። በአማርኛ እንዶድ የተባለው በኦሮምኛ ሀንዶዴ ይባላል፤ ሁለቱ ስሞች ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማወቅ ጆሮ ብቻ ይበቃል። በትግርኛ ግን ሽብቲ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ደግሞ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይሉታል፤ ይህን ስም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያወጣለት ሌሪቴዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ፊቶ በግሪክ ቋንቋ ተክል ማለት ሲሆን ላካ ደግሞ የቀይ ቀለም ስም ነው፤ ከእንዶድ ወገን የሆነ አንድ የአሜሪካ ተክል ከፍሬው ቀይ ቀለም ስለሚወጣው ወገኑ በሙሉ በዚሁ ተጠራ። ዶዴካንድራ የተባለው የአበባው ወንዴ ዘንጎች ዐሥራ ሁለት ናቸው ለማለት ነው፤ አበባ ይዞ የሚቈጥር ሰው ግን ከዐሥራ ሁለት በላይ ወይም በታች ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም፤ ተክሉ በስሙ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ሁልጊዜ አይጠብቅምና።

ሳሙና የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ከ1900 ዓመታት በፊት የነበረው የሮማ ሊቅ ፕሊኒዩስ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፍ ሳፖ የተባለ ነገር ጠቅሷል፤ ይህም የጎል ሕዝቦች ከስብና ከአመድ እየሠሩ ጠጕራቸውን ለማቅላት የሚጠቀሙበት ነበር። ቃሉ ከሮማይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ቋንቋዎች ተሻግሮ በዐረብኛ ሳቡን ተባለ። ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ «ቡ» ወደ «ሙ» ተለውጦ ሳሙና ሆነ፤ ሁለቱም ድምፆች በከንፈር መገጠም የሚወለዱ በመሆናቸው እንዲህ ያለ ልውውጥ በብዙ ቋንቋዎች የተለመደ ነው። በአውሮፓ በኩል ደግሞ ሥሩን በውሃ ሲያሹት አረፋ የሚሰጥ አንድ ተክል ከዚሁ ቃል ሳፖናሪያ ተባለ፤ ኬሚስቶችም አረፋውን የሚያወጣውን ነገር ከተክሉ ስም ወስደው ሳፖኒን አሉት። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ይህ ሳፖኒን ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር ሳሙና የምትል ሴትና በላቦራቶሪ ሳፖኒን የሚል ኬሚስት ሳይተዋወቁ አንድ ጥንታዊ ቃል ይናገራሉ።

ውሃ ብቻውን ስብንና ቅባትን ሊያወጣ አይችልም፤ የቅቤ እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ቢለቀለቅ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ቅባቱን አይዘውም። ሳሙናም ሆነ ሳፖኒን የሚሠሩት የዚህ ጠብ አስታራቂ በመሆን ነው። የእያንዳንዳቸው ቅንጣት ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ወገን ውሃን የሚወድ ሲሆን ሁለተኛው ቅባትን የሚወድ ነው። በእንዶድ ሳፖኒን ውሃን የሚወደው ወገን ከስኳር የተሠራ ነው። ቅባት ወዳዱ ወገን በልብሱ ላይ ያለውን ዕድፍ ይይዛል፤ ውሃ ወዳዱም ከውጭ ሆኖ ይጐትተዋል፤ ዕድፉም በጥቃቅን ተከፋፍሎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ሳሙና ከስብና ከአመድ ወይም ከሶዳ የሚሠራ በመሆኑ ጠባዩ የአመድ ውሃን ይመስላል፤ ኖራ የበዛበት ውሃም ሲያገኘው እንደ እርጎ ይቋጠርና በልብሱ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል። ሳፖኒን ግን ከኖራ ጋር እንዲህ አይቋጠርም፤ ድርንና ቀለምንም እንደ ሳሙና አያጠቃም። በአውሮፓ ያሉ የቤተ መዘክር ሠራተኞች ያረጀና የሳሳ ጨርቅ ሲያጥቡ የሳፖናሪያን ሥር የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶች ስለ ነጠላ የሚሉትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ቅባት የሚገኘው ግን በልብስ ላይ ብቻ አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተገነባባቸው ሕዋሳት ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበቡ ናቸው፤ በእንስሳትም ዘንድ በዚህ ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮል የተባለ ነገር አለ። ሳፖኒን ኮሌስትሮልን ሲያገኝ ይጣበቀዋል፤ ሽፋኑም ይበሳል። የሰው ቆዳ ወፍራም ስለ ሆነ እጅን የእንዶድ አረፋ አይጎዳውም። በውሃ ውስጥ ለሚተነፍሱ ለዓሣና ለቀንድ አውጣ ግን ገላቸው ስስና ለውሃው የተገለጠ በመሆኑ መከላከያ የላቸውም። በአንዳንድ ስፍራ ሰዎች እንደ ብርብራ ዘር ሁሉ እንዶድንም ወቅጠው ወደ ኵሬ እየጣሉ ዓሣ ሲያሰክሩበት ኖረዋል። እንግዲህ አጣቢዎች ሳሙናነቱን ያውቁ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆችም መርዝነቱን ያውቁ ነበር፤ ሁለቱን ዕውቀት ያገናኘ ግን እስከ 1964 ድረስ አልተገኘም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ አገር የነበራቸውን ትምህርት ፈጽመው ስለ ቢልሃርዚያ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዱ። ፍለጋቸው በወንዙ ውስጥ የሚገኙት ቀንድ አውጣዎች የት የት እንደሚኖሩ ለማወቅ ነበር። በፍለጋቸውም መካከል ሴቶች ተሰብስበው በሽብቲ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ግን በሕይወት ያሉት ይርመሰመሱ ነበር። ሕያው ቀንድ አውጣዎችን አስለቅመው በአረፋው ውስጥ ቢያደርጓቸው ወዲያው ተኰማትረው ሞቱ። የተቀረው ብዙ ዓመት የፈጀ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ መነሻው ግን በዚያ ወንዝ ዳር ቀና ብሎና ዝቅ ብሎ ማየት ብቻ ነበር። አጣቢዎቹ ሴቶች ያን ሁሉ ዘመን ከውሃው አጠገብ መኖራቸውን፣ ከከተማ የመጣው ሐኪም ሁሉ ግን መጀመሪያ ሳይጠይቃቸው ማለፉን ማስታወስ አይከፋም።

የቀንድ አውጣው ሞት ይህን ያህል የሚያስደስት ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የበሽታውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እርሱ በ1851 በካይሮ ሬሳ ሲመረምር ትሉን በደም ሥር ውስጥ አገኘው። ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ወንድና ሴት ሆኖ ተቃቅፎ ይኖራል፤ በየቀኑም ብዙ እንቍላል ይጥላል። ከእንቍላሉ ከፊሉ በሰገራ ወይም በሽንት ይወጣል፤ ከፊሉ ግን በጉበት፣ በአንጀት ወይም በፊኛ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራልና ሰውየውን የሚያሳምመው ይህ የቀረው ነው። የወጣው እንቍላል ወደ ጣፋጭ ውሃ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የሚወጣውም ጥቃቅን ፍጥረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተገቢውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ይራባል፤ አንዱም በሺህ የሚቈጠሩ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ የወጡት በተለይ ፀሐይ በምትበረታበት በቀትር ሰዓት በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ እግሩን የነከረ ሕፃን፣ ጀሪካን የምትሞላ ልጃገረድ ወይም ቦይ የሚጠርግ ገበሬ ሲያገኙም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቈሰለ ቆዳ በስተው ይገባሉ። ቀንድ አውጣው በዚህ ጕዞ ውስጥ የማይታለፍ ድልድይ መሆኑን በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን፣ በ1915 ደግሞ በግብፅ ሌይፐር የተባለ ብሪታንያዊ አረጋግጠዋል። ድልድዩ ከተሰበረ ትሉ ይቀራል ማለት ነው።

ነገሩ ለእርሻ ሰዎች የሚቀርበው ይህ ቀንድ አውጣ ጐርፍን የሚፈራ፣ በዝግታ የሚፈስና ሣር የበቀለበትን ውሃ ግን የሚወድ በመሆኑ ነው። ገበሬ በድካሙ የቈፈረው የመስኖ ቦይ ደግሞ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በመስኖ መልማት ከጀመረ በኋላ ቢልሃርዚያ እዚያ ሥር ሰድዶ መገኘቱ የታወቀ ነው። ውሃ አውጥቶ ምድርን ማልማት መልካም ሥራ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣውን ሳያስቡ ቦይ መቅደድ ግን ዋጋውን ከሕፃናት ያስከፍላል።

ወደ ፍሬው ምሥጢር ለመመለስ፣ ኬሚስቶች አንድ ያልጠበቁት ነገር አግኝተዋል። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ስኳሩን በሁለት በኩል ተሸክሞ የሚኖር ሲሆን እንዲህ እንዳለ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ተለይቶ ይኖር የነበረው ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ጋር ይገናኝና የአንዱን ወገን ስኳር ይቈርጠዋል፤ ብርቱው መርዝ የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። በውሃ ፈንታ በአልኮል የተጣራው ፍሬ ይህ ለውጥ ስለማይደረግበት ኃይሉ ያንሳል። ነጭ ሽንኵርት ሳይቈረጥ እምብዛም የማይሸት፣ ሲደቈስ ግን ቤቱን የሚሞላው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሙቀጫውና የውሃው ጋን ፍሬውን ማድቀቅ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ የኬሚስትሪ ሥራ ይሠራሉ፤ የጥንት ሴቶች ያገኙት መንገድም ሊቃውንቱ መርምረው የተሻለ ሆኖ ያገኙት መንገድ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ብርቱውን ሳፖኒን ለይተው ባወጡት ጊዜ ለአግኝው መታሰቢያ ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ባዕዳን የኋለኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ ለልጅየው የታሰበው ክብር በዚህ አኳኋን ለአባትየው ደርሷል።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዐድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ ሙከራ ተደረገ። ከስድስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ቀድሞ ግማሽ ያህሉ በሽታው ይገኝባቸው ነበር፤ በሙከራው ፍጻሜ ግን ከመቶ 7 ብቻ ሆኑ። የአዋቂዎቹ ቍጥር እንዲህ አልወረደም፤ ይህም ሊያስገርም አይገባም፤ ትሉ በሰው ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቈይ እንዶድ ቀድሞ የገባውን ሊያወጣ አይችልምና። ሕፃናቱ ግን በሙከራው ዘመን የተወለዱ ወይም ያደጉ በመሆናቸው የእነርሱ ጤንነት አዲስ ልክፍት መቀነሱን ይመሰክራል።

እንዶድ ሁሉ እኩል ኃይል የለውም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍል የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች አስተያይተው ኃይሉም ምርቱም የበለጠውን ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት ስለዚህ ሥራቸው በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከሽልማቱም በኋላ እንኳ እንዶድ በየአገሩ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ወደ ሕዝብ ውሃ የሚጨመር ነገር ሁሉ ስለ ደኅንነቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ምርመራ እንዲያልፍ በመፈለጉ ነው፤ ለፋብሪካ መድኃኒት ይህን ወጪ የሚከፍል ባለቤት አለው፤ በአጥር ላይ ለሚበቅል ፍሬ ግን ከፋዩ አይታወቅም። እንዲሁም ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ስለ ተገኘ የብዙዎች ሐሳብ ወደዚያ ዞረ። መድኃኒቱ ትሉን በሚገባ ይገድላል፤ ነገር ግን የዳነው ልጅ በማግሥቱ ወደዚያው ውሃ ቢገባ እንደ ገና ይለከፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጋር የንጹሕ ውሃ አቅርቦትና ቀንድ አውጣን የማጥፋት ሥራ አብረው እንዲሄዱ መምከሩ ስለዚህ ነው።

የእንዶድ ዝና ባልታሰበ በኩል ባሕር ተሻግሮም ታይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ባለ ዝንጕርጕር ዛጎል ትንንሽ ፍጥረቶች ከሩቅ አገር በመርከብ ተጭነው ገብተው የከተሞችን የውሃ ቧንቧ ይደፍኑ ጀመር። እነዚህም እንደ ቀንድ አውጣ ለስላሳ ገላ ያላቸው ስለ ሆኑ ዶክተር አክሊሉ ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው በእንዶድ ቢሞክሩ ተገደሉ፤ ለዘዴውም በአሜሪካ የፓተንት መብት ተሰጠ። የፍሬውን ጠባይ ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት አጣቢዎች ግን ከፓተንቱ ባለ መብቶች መካከል አልነበሩም።

በእንዶድ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ተክሉ ወንዱና ሴቱ በየብቻው የሚበቅል ስለ ሆነ፣ ከዘር ያበቀለ ሰው ግማሽ ያህሉ የማያፈራ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ከታወቀች ሴት ተክል ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ይሻላል፤ ጥቂት ወንዶችም በአጠገቧ መኖር አለባቸው። ፍሬው የሚለቀመው ሳይቀላ ነው። ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን በብርቱ ስለሚያቃጥል ሲወቀጥ ፊትን መሸፈን ያስፈልጋል። እንዶድን ለመድኃኒት ብሎ መጠጣት አደገኛ ነው፤ ከዚህም የተነሣ የሞቱ ሰዎች አሉ። ዓሣ በሚረባበት ኵሬም ሊጨመር አይገባም፤ ዓሣውን ከቀንድ አውጣው ለይቶ አይምርምና። ኃይሉ በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ የቀንድ አውጣውን እንቍላል ግን በሚገባ አይገድልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው ከንቱ ድካም ነው፤ እንቍላሉ ተፈልፍሎ ትውልዱ ሳያድግ ሊደገም ይገባል። ፍሬው በማይገኝበት ስፍራ ደግሞ የቦዩን ሣር አዘውትሮ መጥረግ፣ ከወንዝ አጠገብ አለመጸዳዳት፣ በቀትር ወደ ውሃ አለመግባት፣ ለገላ መታጠቢያ የተቀዳውንም ውሃ ሁለት ቀን በጋን አሳድሮ መጠቀም ይቻላል፤ ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ሳያገኝ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቈይም።